ቅቤ የተቀባው ሲሞኖቭ

በዘንጎ በር ሰዎች፣ ጌታው ዕቃውን እያሽሞነሞነ ባለሙያውን ደጅ ሲያስቀምጥ ባዩ ቁጥር የሚሏት አንዲት አባባል አለች። የዛሬው ሰው ዝም ብሎ ይላታል እንጂ ከየት እንደመጣች አይጠይቅም። የመጣችው ከአንድ ጠመንጃ፣ ከአንድ ጣሳ ቅቤና አሥር አለቃ አንሙት ከሚባል ሰው ነው።

አንሙት አሥራ አንድ ዓመት ወታደር ነበር። ጦር ሜዳ ግን አልዋለም፤ ዕድሜውን የጨረሰው መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። ሌላው ተኩሶ ያመጣውን እሱ ይፈታል፣ ይወለውላል፣ ይገጥማል። የሺህ ሰው ጠመንጃ በእጁ አልፏል፤ ነፍስ ባለው ነገር ላይ ግን አንድም ቀን ቃታ ስቦ አያውቅም። አገሩ ሲመለስ ይህንኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ሌሎቹ ተመላሾች በጥይት ያልነኩትን ሁሉ በአፋቸው ሲገድሉ እሱ እውነቱን ተናገረና ማዕረጉ ቀርቶ ስሙ "ወልዋዩ" ሆነ። ድግስ ላይ ገዳይ ከላይ፣ ፎካሪ ከመሀል ይቀመጣል፤ ወልዋዩ ከበሩ ጥግ፣ ውሾቹ ከሚመላለሱበት። እውነት ለሚናገር ሰው የሚተርፈው ወንበር ያ ነው።

በዚያ ዓመት ከማዶ ሰፈር ያበደ ጅብ ተነሥቶ በጠራራ ፀሐይ አንድ በቅሎና ሁለት ሰው ነከሰ። ከሁለቱ አንዱ ውሃ እየፈራ ሞተ። አገሩ ተሸበረ፤ ልጅ ብቻውን ምንጭ መውረድ ተወ። ቀበሌውም ለዘንጎ በር አንድ ሲሞኖቭ ሰጠ፤ የጥበቃው ኃላፊ አያ ቢያድግልኝ ነበርና እሱ ያዘው። ሲሞኖቭ አሥር ጥይት ይጎርሳል፤ ቃታ በሳቡት ቁጥር አንዳንድ እየተኮሰ ቀለሁን ራሱ ይተፋል፣ ቀጣዩንም ራሱ ያጎርሳል። በአገሩ የነበረው እጅ እየጎተተ የሚያጎርሰው አሮጌ ምንሽር ብቻ ስለነበር ሰው ሁሉ እንደ ታቦት ከሩቅ ሆኖ አየው።

በየአሥራ አምስት ቀኑ አንሙት ይጠራል። ከአያ ቢያድግልኝ ግቢ አጥር ሥር፣ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጆንያ ያነጥፋል። መጀመሪያ ጥይቶቹን አራግፎ፣ ሆዱ ባዶ መሆኑን በትንሽ ጣቱ ዳብሶ ያረጋግጣል። ከዚያ ይፈታዋል። ከአፈሙዙ ሥር የተሰካውን ዘንግ ስቦ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ጨርቁ ነጭ እንደገባ ነጭ እስኪወጣ ድረስ ይመላለሳል። ብረት ከብረት በሚፋተግበት አንድ ጠብታ ዘይት በላባ ጫፍ ይነካል፤ የተረፈውን መልሶ ይጠርጋል።

"ምነው ዘይቱን ሰሰትህበት?" አለው አንድ ቀን አያ ቢያድግልኝ። "አባቴ ምንሽሩን በቅቤ ነክሮ ነው ያስረጀው።"

"ምንሽሩን የሚያጎርሰው የአባትዎ እጅ ነበር" አለ አንሙት ቀና ሳይል። ከበርሜሉ በላይ ያለችውን ቀጭን ቱቦ አነሣና አሳየው። "ይኼኛውን የሚያጎርሰው የገዛ ጭሱ ነው። ጭሱ በዚህ መጥቶ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ይገፋል። ይቺ መንገድ ደረቅ ካልሆነች አንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ከዚያ እንቢ ይላል።"

አያ ቢያድግልኝ ራሱን ነቀነቀ፤ ጆሮው ግን በግ ሊገዛው ከመጣ ነጋዴ ጋር ነበር። ለአንሙትም ምሳው እዚያው ከድንጋዩ ላይ መጣለት። ከቤት ግባ ያለው የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ጠመንጃ ሲወለውል የቤቱን ምሰሶ እንኳ አላየም።

ጥር ላይ አያ ቢያድግልኝ ልጁን ዳረ። በዘንጎ በር ሙሽራ ቅቤ ሲቀባ የአባቱም ጠመንጃ አብሮ ይቀባል፤ ምንሽር ብቻ በነበረበት ዘመን የመጣ ወግ ነው። አንሙት ነጠላውን አጥቦ ዳሱ ውስጥ ገባና ከጥጉ ተቀመጠ። ገና እህል ሳይቀምስ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ገባ፣ አሳላፊው ትከሻውን ነካ አደረገው፣ ተነሣ። ቆሞ ሳለ ነው የአያ ቢያድግልኝ እናት እማሆይ የሽመቤት ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ለጋ ቅቤ በጣታቸው እየዛቁ ሲቀቡት ያየው። ሰደፉን ቢሆን ዝም ባለ። እማሆይ ግን እየመረቁ በየቀዳዳው ይሞሉት ነበር።

"እማሆይ፣ ውስጡን ተዉት" አለ ከበሩ ሆኖ። "አያ ቢያድግልኝ፣ ነግሬዎት ነበር። ደረቅ ነው የሚወድ።"

ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። መልስ የሰጠው የአያ ቢያድግልኝ ታናሽ ወንድም ይልቃል ነው፤ በፉከራው የታወቀ፣ በሥራው ያልታወቀ ሰው።

"ወልዋዩ በቅቤው ቀንቷል። እማሆይ፣ ትንሽ አናቱ ላይ ጣል ያድርጉለት።"

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አያ ቢያድግልኝ አልሳቀም፤ ግን ዝም በሉም አላለም። ጠመንጃውን ተቀብሎ ደጅ ወጣና ለሙሽሪት አምስት ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሰ። አምስቱም ጮኹ። በእያንዳንዱ ጥይት ሰው ወደ አንሙት እየዞረ ይስቅ ነበር። አንሙት ነጠላውን አጣፍቶ እህል ሳይቀምስ ወደ ቤቱ ሄደ። ቅቤ ትኩስ ሲሆን እንደሚያሾልክ፣ ሲያድር ግን ከጥቀርሻው ጋር እንደሚረጋ ለማን ይንገር?

በአራተኛው ቀን አያ ቢያድግልኝ ጤፍ ያስወቃ ነበር። ጠመንጃው ከአውድማው ዳር ከግንድ ተደግፎ እብቁን ሲጠጣ አረፈደ። እማሆይ ከዋርካው ጥላ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አንሙት ከታች በራሱ አውድማ በሬዎቹን ይነዳል። ቀትር ላይ ከቆላው በኩል እንደዚያኛው ያበደ ሌላ ጅብ መጣ። ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ አንገቱን ወደ ጎን ሰብሮ፣ ሰው ሲጮህ የማይሸሽ ጅብ። የሚያበራዩት በሬዎች ፈርጥጠው ተበተኑ፤ ሰውም ተከተላቸው። እማሆይ እግራቸው አይታዘዝም፤ እዚያው ቀሩ።

አያ ቢያድግልኝ አልሸሸም፤ ይህ ሊነፈገው አይገባም። ጠመንጃውን አንሥቶ በእናቱና በጅቡ መሀል ቆመና ተኮሰ። ጥይቱ ታፋውን ጨረፈው። ጅቡ ዞሮ ወደ እሱ መጣ። ቃታውን ደገመ፤ ምንም የለም። ቀለሁ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ተቀርቅሯል፤ መቀርቀሪያው ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። ጅቡ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ጎተተው። አያ ቢያድግልኝ ጋቢውን ጣለለትና ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ኋላው ደግሞ እናቱ ናቸው።

አንሙት ዳገቱን እንዴት እንደወጣው ራሱም አላወቀ። ጅቡ ጋቢውን ሲቦጫጭቅ ደረሰ። ጠመንጃውን ከአያ ቢያድግልኝ እጅ ነጥቆ ሰደፉን መሬት ላይ ተከለ፤ አፈሙዙን ከፊቱ አርቆ መቀርቀሪያውን በተረከዙ ረገጠው። አልሄደም። ደግሞ ረገጠው። ቀለሁ ተስፈንጥሮ ወጣ። መቀርቀሪያውን በመዳፉ ገፍቶ ዘጋውና ጠመንጃውን መልሶ ለባለቤቱ ሰጠው። ነፍስ ላይ ተኩሶ የማያውቅ እጅ በሰው እናት ነፍስ ላይ ልምምድ አይጀምርም።

"አንዲት ናት" አለው። "ሁለተኛዋን አይሰጥህም። አትሳት።"

አልሳተም። ጅቡ ከእማሆይ እግር ሦስት ክንድ ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ የሸሸው ሁሉ ተመለሰ። ይልቃል ከሁሉ ቀድሞ ደረሰና በወንድሙ ስም ይፎክር ጀመር፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ቢያድግልኝ ላቡ ገና አልደረቀም፤ ዓይኑ ከአውድማው ዳር ነው። እዚያ አንሙት ጥይቱን አራግፎ፣ ጠመንጃውን በነጠላው ላይ ፈቶ ዘርግቶታል። ያቺን ቀጭን ቱቦ ይዞ በጤፍ አገዳ ሲጎረጉራት ውስጧ ከጥቀርሻና ከእብቅ ጋር የረጋው ቅቤ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እየተጎለጎለ ወጣ። ጨርቅ ስላልነበረው የነጠላውን ጫፍ ቀደደና መወልወሉን ቀጠለ። 

እማሆይ የሽመቤት ምርኩዛቸውን በይልቃል ደረት ላይ አድርገው ፉከራውን አስቆሙት።

"ቅቤውን የቀባሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ይህ ሰው ከበር ቆሞ ሲነግረኝ ከሳቁት ጋር ስቄያለሁ። ቢያድግልኝ፣ እጁን ያዝና ከቤት አግባው፤ ከላይ፣ ከአባትህ መደብ ላይ አስቀምጠው።"

አያ ቢያድግልኝ ሄዶ ከአንሙት ፊት ተንበረከከ፤ እጁን ግን ወዲያው ሊይዝ አልቻለም፣ አንሙት ወልውሎ እስኪጨርስ ጠበቀ። እማሆይም ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው፣ "እናንተም ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ጠመንጃህን ቅቤ ከምትቀባ፣ ወልዋይህን ከቤት አስገባ" አሉ።