ከነጨርቁ የተሳለሙት ድምፅ

ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። ቀን ቀን የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትውላለች፣ ማታ ማታ አልጋ ላይ የወደቁ አባቷን ታስታምማለች። ስሟን አልነግራችሁም። ስሟ ምን ያደርግላችኋል? የሆነችውን ስሙ።

አባቷ መሪጌታ ኅሩይ ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ግዕዝ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ በየደብሩ ይቀድሳሉ፣ ማኅሌት ይቆማሉ። የገዛ ልጃቸውን ግን አላስተማሯትም። ለምን? ሴት ናታ! ሴት ልጅ ግዕዝ ምን ያደርግላታል ተባለ፣ እሳቸውም ዝም አሉ። አያናድድም? እኔን ያናድደኛል!

ኋላ በሽታ መጣ። አንድ ጎናቸው ሰለለ፣ አንደበታቸው ተያዘ፣ ዓይናቸውም ፈዘዘ ፈዘዘና ጠፋ። ጆሯቸው ብቻ ደኅና ቀረ። ልጅቱ የጸሎት መጽሐፋቸውን ከትራስጌያቸው አንሥታ ልታነብላቸው ሞከረች። ፊደሉን እንደሆነ ታውቀዋለች። ነገር ግን የግዕዝ ንባብ የራሱ ወግ አለው፤ ድምፁ የሚነሣበት ይነሣል፣ የሚወድቅበት ይወድቃል። እሷ ጋዜጣ እንደምታነብ አድርጋ አነበበችው። አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በደኅናው እጃቸው ተይው አሏት።

ያን ማታ አለቀሰች። ግን አልተወችውም። "አባዬ ሳይሞት ጸሎቱን በወጉ አነብለታለሁ" አለች።

በምን ትማር? አብነት ትምህርት ቤት ትግባ እንዳንል፣ አባቷን ለማን ትታ? እንጀራዋንስ? ስለዚህ ብቻዋን ጀመረች። መማሪያ መጽሐፍ ገዛች። መጽሐፉ ከበድ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ "ንባቡን ከመምህርህ ጠይቅ" ይላታል። የትኛውን መምህር? ስልኳ ላይ ፈለገች። አንዱ የቴሌግራም ቻናል "እንደምን አደርክ"ን አስተምሮ እዚያው ይቀራል። ሌላው ግዕዝ ከዓለም ቋንቋዎች ሁሉ እንደሚበልጥ ሲናገር ይውላል፣ ግዕዙን ግን አያስተምርም! ትስቃላችሁ? እሷ አልሳቀችም። ስንቱን አወረደች፣ ስንቱን አዳመጠች፤ ቀስ ብሎ፣ በወጉ የሚያነብላት ድምፅ ግን አጣች።

በመጨረሻ አንድ የአባቷ ወዳጅ ነገሯት። የአባቷ መምህር የነበሩት የኔታ ሐረገወይን፣ በስተርጅናቸው ጉባኤ ቤቱ ተማሪ እያጣ ሲሄድ ቢያዩ፣ ቴፕ ፊት ቁጭ ብለው ያንን ጸሎት ሁሉ ቀስ እያሉ አንብበው በካሴት አስቀርተው ነበር። "ለማን ነው የሚደክሙት?" ሲሏቸው "መምህር ላጣ ሰው" አሉ። ሰማችሁ? መምህር ላጣ ሰው! ሲያርፉም ካሴቶቹ ለደብሩ ተሰጡ።

እሷም ወደ ደብሩ ገሠገሠች። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር አቶ ድልነሳሁ ተቀበሏት። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ወዳድ ናቸው። ካሴቶቹን አሳዩአት። ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ሳጥኑ በቀይ ከፋይ ተጠቅልሏል፣ ከፋዩ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በየዓመቱ በየኔታ መታሰቢያ ቀን ይወጣል፣ ሕዝቡ ይሳለመዋል፣ ይመለሳል።

"ጋሼ፣ አልወስደውም። እዚሁ ቁጭ ብዬ ልስማው።"

"ልጄ፣ ይህ እኮ ቅርስ ነው።"

"እንግዲያው በስልኬ ልቅዳው። አባቴ ጊዜ የለውም፣ ጋሼ።"

"ምን ነካሽ? ጨርቁን ፈትቶት የሚያውቅ የለም!" አሏት፣ ደረታቸውን ነፍተው። "እኛ እንኳ ከነጨርቁ ነው የምንሳለመው። ለማንኛውም በስብሰባ ይታይልሽ፤ ተመለሽ።"

ተመለሰች። አባላቱ አልተሟሉም። ተመለሰች። ጾም ገብቷል፣ ከበዓሉ በኋላ ተባለች። ተመለሰች። ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል። እንዲህ እንዲህ ሲባል መሪጌታ ኅሩይ አረፉ። ያን ሁሉ ሰው ያስተማሩት ሰው ጸሎታቸውን ሳይሰሙ ሞቱ!

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሙ። በቀብሩ ቀን ደብሩ ለክብራቸው ሳጥኑን አወጣው። ጥላ ተዘርግቶለት፣ ሁለት ሰው ተሸክሞት መጣ። አቶ ድልነሳሁ ወደ ልጅቱ አቀረቡትና "ተሳለሚ፣ ልጄ፣ ያጽናናሻል" አሏት።

አልተሳለመችም። "ጋሼ፣ አባቴ በሕይወት እያለ ስለምናችሁ ነበር። አሁን ለማን አመጣችሁት?" አለች።

እሷም እዚያው በሰው ፊት ከፋዩን ፈታችው። ሳጥኑ ሲከፈት የሻጋታ ሽታ ወጣ። እርጥበት ገብቶ ካሴቶቹን አበላሽቷቸዋል። በኋላ የቴፕ ጠጋኝ ዘንድ ወስዳ ስታስሞክራቸው የተሰሙት ጥቂት ናቸው። ሌላው የለም፤ እየተሳለሙት ጠፋ።

ማክበር ማለት መቆለፍ ነው ያላችሁ ማን ነው? የኔታ የደከሙት ለከፋዩ ነው? ሽማግሌው ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ያነበቡት ለቁም ሣጥኑ ነው? ደሜ ይፈላል፣ ወገኖቼ! ሌባ ቢሰርቀው እንኳ ይሻል ነበር፤ ሌባ ይሸጠዋል፣ የገዛው ደግሞ ይሰማዋል።

አቶ ድልነሳሁ ላይ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው አይደል? ቆይ! እስቲ ስልካችሁን ክፈቱ። ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ትምህርት አውርዳችሁ አስቀምጣችኋል? "ጊዜ ሳገኝ እማረዋለሁ" ያላችሁት መቼ ነው? ማውረድ መማር መሰላችሁ? እናንተም እኮ ከነጨርቁ እየተሳለማችሁ ነው!

እናንተ አባቶች፣ የምታውቁትን ለባዳ ሰጥታችሁ ለገዛ ልጃችሁ የነፈጋችሁ፣ በማን ላይ ነው ይህን ያህል የጨከናችሁት? እናንተ ኮሚቴዎች፣ "ተመለስ፣ ተመለሺ" የምትሉ፣ ያ የመለሳችሁት ሰው ቤቱ ማን እንደተኛ ጠይቃችኋል?

ያቺ ሴት የተረፈውን ድምፅ ስልኳ ላይ ቀድታ፣ ለጠየቃት ሁሉ ትልካለች። ለእኔም ልካልኛለች። ከዚህ ጉባኤ በኋላ ኑ፣ እልክላችኋለሁ። ለማስቀመጥ የሚፈልግ ግን አይምጣ፤ አልሰጥም! የሚማር ይምጣ። ቤቱ ታማሚ ያለበት፣ ሽማግሌ ያለበት፣ የሚያነብለት ሰው የሚጠብቅ ያለበት ይምጣ። እሷ ለአባቷ አልደረሰችም። የእናንተ ግን ዛሬ ማታ ጆሮው ይሰማል። ነገ አትበሉ። ዛሬ ግቡና አንብቡለት።