ረቡዕ ቤቱ ያልነበረው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቤቱ ደጋ፣ ትልቁ እርሻው ቆላ። አባቱ ሲሞት ከቤቱ ጋር አንድ ልማድ አውርሶታል፦ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት የባቄላውና የአተሩ ዘር ከጎታ ይወጣል፣ ሰሌን ላይ ይሰጣል፣ ፀሐይ ሲጠግብ ይመለሳል። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ቤት ርቆ አድሮ አያውቅም፤ ዘሩንም ነቀዝ ነክቶት አያውቅም። ልጁ ልማዱን እንዳለ ለሎሌው አስረከበ። «ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ዘሩን አስጣ፤ እንዳትረሳ!» አለው። ሎሌው እንደሆነ መርሳት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ገበሬው የቆላውን መሬት ከያዘ ወዲህ ግን ደጋ የሚቀመጠው እንደ ሁኔታው ሆነ። ሲመቸው ይወጣል፣ ሲጠሩት ይወርዳል፤ ሲወርድም ቤቱን ቆልፎ፣ ሎሌውን አስከትሎ ነው። የቆላው ገበያ ደግሞ የሚውለው ረቡዕ ነው። ስለዚህ ረቡዕ ሁልጊዜ የሚያገኛቸው ቆላ ነው። ሐሙስ ወይም ዓርብ ወደ ደጋ ሲመለሱ ሎሌው ቤቱን ይከፍታል፣ ይጠርጋል፣ እሳት ያያይዛል፤ በጎታው አጠገብ ሲያልፍ ግን ክዳኑን እንኳ አይነካም። ረቡዕ አልፏላ! የሚመጣው ረቡዕ ሲደርስ ደግሞ ቤቱ ተቆልፏል።

አመለወርቅ፣ ስለ ጤና ጣቢያችሁ ኮምፒውተር የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም፤ በዚህ ተረት ወደዚያው እየሄድኩ ነው።

ዝናብ ጣለ። ጎረቤት ሁሉ በሬውን ጠምዶ ወጣ። ገበሬው ጎታውን ከፍቶ እጁን ቢሰድ ዱቄት ዘግኖ አወጣ፤ ነቀዙ በክንዱ ሽቅብ ይሮጣል። ለደጋው ማሳ የሚሆን ዘር ይኸው ብቻ ነበር፤ የቆላው ማሽላ እዚህ ብርድ ላይ አይበቅልም። አሁን ካልዘራ የደጋው ማሳ ዓመቱን ባዶውን መክረሙ ነው። ዱላውን አነሣ።

«ረቡዕ ረቡዕ አስጣ አላልኩህም?»

«ብለውኛል ጌታዬ። ረቡዕ ግን መቼ ቤት ነበርን?»

«ሐሙስ ስንገባስ?»

«ሐሙስማ ረቡዕ አይደለም!»

ገበሬው ዱላውን እንዳነሣ ቀረ። ንዴቱ ገና አልበረደም፤ ነገሩ ግን ገረመው። ይህ ሰው አልዋሸም፣ አልሰነፈም፣ ከታዘዘው አንዲት ቃል አላጓደለም። ታዲያ ዘሬን ማን በላው ብሎ ራሱን ጠየቀ። ዱላውን ጣለና ዘር ሊለምን ጎረቤቱ ወዳለች አንዲት ባልቴት ሄደ።

እሷም ብትሆን ቤቷን ዘግታ የምትከርም ሴት ናት። ወንዝ ማዶ የተዳረች ልጇ በታመመች ቁጥር ትሄዳለች፤ መቼ እንደምትመለስ ራሷም አታውቀውም። ጎታዋን ስትከፍትለት ግን ባቄላው እንደ ጠጠር ይንኳኳል። ክዳኑ ላይ አንድ የግራዋ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። ገበሬው የመጣበትን ረስቶ ዓይኑን ቅርንጫፉ ላይ ተከለ።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው? የነቀዝ መድኃኒት ነው?»

«ኧረ ለእኔ ነው» አለች እየሳቀች። «ዘሩን አስጥቼ በመለስኩ ቁጥር እርጥብ ግራዋ አንጠለጥላለሁ። ከሄድኩበት ስገባ እሱን አያለሁ። ለምለም ከሆነ ዘሩ ይቆይ። ከደረቀ አሰጣለሁ።»

«በየትኛው ቀን?»

«በገባሁበት ቀን ነዋ! የቀኑ ስም ምን ያደርግልኛል?»

«እንደገቡ ወዲያው?»

«ምን አስቸኮለኝ? መጀመሪያ ቤቱ ይሙቅ፣ እኔም ትንፋሼ ይመለስ። ከዚያ ዘሩን፣ ዘሩ ሲያበቃ የቀረውን ሥራ። ሁሉን ባንዴ ብጀምር የቱን ልጨርስ?»

ለግማሽ ማሳ የሚበቃ ዘር ሰፈረችለት። ገበሬው ሲመለስ ሎሌው ዱላውን እየጠበቀ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ገበሬው ከጓሮ ግራዋ ቆርጦ በእጁ አስያዘው። «ከእንግዲህ ረቡዕን ተወው፤ ይህን እይ» አለው። የቀረው ግማሽ ማሳ ግን በዚያ ዓመት ጦም አደረ።

እንግዲህ አመለወርቅ፣ «የጤና ጣቢያችን ኮምፒውተር የታካሚዎቹን መረጃ እኩለ ሌሊት ላይ እየገለበጠ እንዲያስቀምጥ አዝዤዋለሁ፤ ለምን አይሠራም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ትእዛዝሽ ልክ ነው። ነገር ግን ማታ ማሽኑን አጥፍተሽ ትሄጃለሽ። ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት በሚሠራ እንደ አንቺው ባለ ማሽን ውስጥ፣ የታዘዘውን ሥራ በተቀጠረለት ሰዓት የሚሠራው ክሮን የሚባል ፕሮግራም ያ ሎሌ ነው። በሰዓቱ ማሽኑ ጠፍቶ ከነበረ፣ ጠዋት ስታበሪው እኩለ ሌሊትማ አልፏል ብሎ ይቀመጣል። አትፍረጂበት፤ ማሽኑ በማይጠፋበት ቤት፣ እንደ አባትየው ላለ ሰው፣ ሁነኛ አገልጋይ ነው። ለአንቺ ግን የሚሆንሽ አናክሮን የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ነው። እሱ ሥራውን በሠራ ቁጥር ቀኑን ምልክት አድርጎ ያስቀምጣል። ማሽኑ ሲነሣ ምልክቱን ያያል፤ ጊዜው ካለፈ ትንሽ ይቆይና የቀረውን ሥራ አንድ ባንድ ይሠራል። ባልቴቲቱ ማለት እሱ ነው።

ነገ አብረን እናስተካክለዋለን። ዛሬ ግን ተነሺና ሂጂ፤ ማሽኑን አብሪው፣ የመጨረሻው ቅጂ መቼ እንደተወሰደ እዪ፣ አዲሱንም ራስሽ ገልብጪ። ያ ገበሬ ጎታውን የከፈተው ዝናቡ ከጣለ በኋላ ነበር።