የሹሙ ስድስት መብራቶች

በአንዲት ከተማ እጁ ሥራ፣ ምላሱ ነገር የማያጣ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር። አንድ ቀን የከተማው ሹም አቶ ደምመላሽ ስድስት ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች ይዘው ጋራዡ ድረስ መጡ። ሕዝቡ ከሩቅ አይቶ መንገድ እንዲለቅላቸው መኪናቸው ጣሪያ ላይ ሊያስገጥሙ ነው።

"መብራቶቹ የራሳቸው ወፍራም ሽቦና ፊውዝ ስለሚፈልጉ ግማሽ ቀን ይፈጃል" አላቸው ኤሌክትሪሺያኑ።

"ምን ግማሽ ቀን! ከጡሩምባው ሽቦ ላይ ቀጥለህ ጨርስ።"

"እሱ ቀጭን ነው ጌታዬ፤ ስድስት መብራት ሲጫንበት ሽቦው እንዳይነድ ፊውዙ ቀድሞ ይቃጠላል።"

"እንግዲያው ፊውዙን አውጣና በቦታው ሽቦ ጠምዝዝበት! የእኔ ሹፌር ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እምቢ ካልክ ነገ ጋራዥህ ይታሸጋል።"

ኤሌክትሪሺያኑ እጁን በጨርቅ ጠረገና መብራቶቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶናቸው ይመልስ ጀመር።

"ምን እያደረግህ ነው?" ብለው ጮኹበት።

"እነዚህማ ምን ያደርጉልዎታል ጌታዬ? በፊውዙ ቦታ ሽቦ ካደረግንበት መኪናው ራሱ ከሩቅ ይታያል። ሕዝቡም ማንም ሳይነግረው መንገዱን ይለቅልዎታል። ከኋላዎ ደግሞ እሳት አደጋ በሳይረን ያጅብዎታል።"