ለቶይባ ወንበር የሚቀል እንጨት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአሏህ ይሁን። ገበያዋ ከመስጊዷ ደጃፍ በሚጀምር አንዲት ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ሸህ ሽፋው የሚባሉ አናጺ ይኖሩ ነበር። ኪታብ የቀሩ፣ የተማሩ አዛውንት ናቸው፤ ሪዝቃቸውን ግን ከመጋዝና ከመላጊያ ይፈልጉ ነበር።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ጠንክሮ ሳለ፣ ቶይባ በምርኩዝ እየተደገፈች ወደ ሥራ ቤታቸው መጣች። ቶይባ ከቤት ቤት እየዞረች ሴቶችን ቁርኣን የምታቀራ፣ የምታስተምር ሴት ናት። ጉልበቷ ታሞ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ካቃታት ሰንብቷል።

«ሸኽዬ፣ ይዤው የምዞር ወንበር ይሥሩልኝ» አለች። «አንዱ እጄ ምርኩዝ ይይዛል። ለሌላው እጄ ካልቀለለኝ ማቅራቴ ሊቀር ነው።»

«ለእግሮቹ ቀጫጭን ወይራ አለኝ። የሚያስጨንቀው መቀመጫው ነው።»

ቶይባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰፊ ሳንቃ አየች። ብታነሳው እንደ ገለባ ቀለላት። ፊቷ በራ። «ይኸው! አሏህ ሰጠን!»

ሸሁ ሳንቃውን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ደገሙ። የደረቀ ጤነኛ እንጨት ይጮኻል፤ ይሄ ግን ድምፁን ዋጠ።

«አይሆንም እህቴ፤ ውስጡን ነቀዝ በልቶታል። ዛሬ ቢሸከምሽ ነገ ይጥልሻል።»

ቶይባ ሳንቃውን አገላብጣ አየች። ልስልስ ያለ ነው፤ ቀዳዳ እንኳ አላገኘችበትም። «ሌላስ?»

«ሌላው ገና እርጥብ ነው። ይከብዳል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ክረምቱ መውጣት አለበት።»

«ሸኽዬ» አለች ሳንቃውን ወደ ግድግዳው እየመለሰች፣ «ለባለጸጋ ያሰቡት ከሆነ በግልጽ ይንገሩኝ።»

«አሏህ ያውቃል» አሉ። ቶይባ አዝና ወጣች።

ሸሁ ለቶይባ እንጨት ነፈጓት የሚለው ወሬ ቀድሟቸው መስጊድ ገባ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሰዎች እሳቸውን ሲያዩ ይንሾካሾኩ ጀመር። ነገሩ ከነከናቸው። ወደ ሥራ ቤታቸው ተመልሰው መጥረቢያ አነሱ፤ ሳንቃውን ሰንጥቀው ዱቄት የሆነውን ሆዱን በአደባባይ ሊያሳዩ ነው። ግን እጃቸው በአየር ላይ እንዳለ ቆሙ። «ይሄ የእኔን ስም ያጠራል እንጂ እሷን አያስቀምጣትም» አሉ ለራሳቸው። መጥረቢያውን አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የቤታቸው በር አባታቸው የገጠሙት የዋንዛ በር ነበር። ስንት በጋና ስንት ክረምት አልፎበት ደርቆ ቀልሏል። አንኳኩት፤ ጮኸ። ማጠፊያውን መንቀል ሲጀምሩ ባለቤታቸው ዘሀራ ከጓዳ ወጣች።

«ሸሁ! በዚህ ብርድ በር ነቅለው ወዴት?»

«ለቶይባ መቀመጫ።»

«ስምዎን ላጠፋችው ሴት?»

«ጉልበቷ ስሜን አላጠፋም።»

ዘሀራ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወፍራም ጋቢዋን አምጥታ በበሩ ቦታ ጋረደች። «በሉ እንግዲህ፣ ቶሎ ይሥሩት» አለች።

ወንበሩ ሲያልቅ ሸሁ ቶይባ ወደምታቀራበት ቤት ይዘውት ሄዱ። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ወንበሩን በአንድ እጇ አነሳችው።

«ያው ሳንቃ ነው፣ አይደል?» አለች፣ ቅሬታዋ ሳይለቃት።

ሸሁ ሰደቃቸውን መሸሸግ ይወዱ ነበር። አሁን ዝም ቢሉ ግን ዝምታቸው ውሸት ሊሆን ነው። «አይደለም። ከቤቴ ያገኘሁት ነው» አሉ።

ቶይባ መቀመጫውን ስትዳብስ ጣቷ አንድ የተደፈነ ቀዳዳ አገኘ። የበር መቀርቀሪያ ቦታ መሆኑ ገባት። ቀና ብላ ስታያቸው ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«አፉ ይበሉኝ ሸኽዬ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ።»

«ግን ሁለቱም ቀላል ናቸው። ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?»

ሸህ ሽፋው ሊወጡ ደጃፉ ላይ ደርሰው ነበር፤ ሳይዞሩ መለሱላት፦ «አንዱን ነቀዝ አቀለለው፤ አንዱን ሰብር።»

ወገኖቼ፣ እኛም ሰውን በእጃችን መዝነን እንፈርዳለን። ንግግሩ ያነሰ፣ ቁጣው የበረደ፣ ዱንያ የማትከብደው ሰው ስናይ ባዶ ይመስለናል፤ እውነተኛው ባዶ ግን ለስልሶና አምሮ ሲቆም እንመርጠዋለን። ነቀዝ ላዩን ትቶ ልብን ይበላል። ሰብር የሚሉት ትዕግሥት የሚያጎድለው እርጥበትን ብቻ ነው፤ ቂምን፣ ኩራትን፣ «ስሜ፣ ስሜ» ማለትን። እንጨቱ እንዳለ ይቀራል፤ የደከመው ሁሉ ያርፍበታል። ያ ረህማን፣ ከእርጥበታችን አጉድልልን፤ ከውስጣችን አታጉድልብን።