ጠማማ ምት የሚያቃና ዱላ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁንም አውሱኝ። ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። ዱላ አፍ በነበረው ጊዜ፣ እንስሳትም በገና ቀን ሩር በሚመቱበት ዘመን፣ አያ ከርከሮ የሚባል ነበረ።

አያ ከርከሮ ከወንዙ በታች ከሚኖሩት እንስሳት ሁሉ ጉልበታም ነበረ። ሩር መምታት ግን አይችልም። ዱላውን ያነሳል፣ ይሰነዝራል፣ መሬት ይመታል። ያነሳል፣ ይሰነዝራል፣ ኩይሳ ይመታል። ያነሳል፣ ይሰነዝራል፣ የጓደኛውን ቅልጥም ይመታል። ከቆዳ የተሰፋችው ሩር ግን እዚያው ቁጭ ብላ ታየዋለች።

ምክንያቱን የሚያውቀው አንድ ብቻ ነበር። እሱም አያ ከርከሮ ከአባቱ የወረሰው፣ ጫፉ እንደ ከርከሮ ጥርስ የተቆለመመው አሮጌ የገና ዱላ፣ ወይራ ነው። አያ ከርከሮ፣ ልክ ዱላው ሲወርድ፣ ቀና ብሎ ኮረብታው ላይ የተቀመጡትን ተመልካቾች ያያል። «ማን እያየኝ ይሆን? ማን ሊያሞግሰኝ ይሆን?» ይላል በልቡ። ዓይኑ ሲነሳ ትከሻው ይነሳል፤ ትከሻው ሲነሳ ዱላው ይስታል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ይህን እያየ የወይራ አንጀት ስንት ዓመት አረረ!

በዚያ አገር በገና ጨዋታ ያሸነፈ ወገን በጋውን ሙሉ ከምንጩ ቀድሞ ይጠጣል፤ የተሸነፈው የተረፈውን ድፍርስ ይጠጣል። የታች ወንዝ እንስሳት ሦስት ዓመት ጭቃ ጠጡ።

አንድ ቀን ወይራ ደፈር አለና፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሲመቱ ዓይንዎን...»

«ዝም በል!» አለ አያ ከርከሮ። «ጥፋቱ የአንተ ነው። ጠማማ!»

«የገና ዱላ እኮ ጠማማ ነው፣ ጌታዬ።»

«ዝም በል አልኩህ!»

በማግስቱ እመት ቀበሮ ዱላ ተሸክማ መንደሩ መሐል ብቅ አለች።

«ጠማማ ምት የሚያቃና ዱላ! የሳተ ያግኝ፣ ያልመታ ይምታ! ልምምድ የለ፣ ድካም የለ፤ ዱላው ራሱ ያውቃል!»

«ለእኔ ይሆናል?» አለ አያ ከርከሮ።

«ለእርስዎ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ይህን የመሰለ ትከሻ ይዘው በዚያ አሮጌ እንጨት! ኧረ ግፍ ነው!»

አያ ከርከሮ ለበጋ ካስቀመጠው ሥራ ሥር አንድ ስልቻ ሰጥቶ የዋንዛ ዱላ ወሰደ። ሜዳ ወጣ። አነሳ፣ ሰነዘረ፣ ኮረብታውን አየ፣ መሬት መታ።

«ሩሯ ተንቀሳቀሰች» አለ ዋንዛው።

«ኧረ አልተንቀሳቀስኩም!» አለች ሩሯ።

ወይራ ከሜዳው ዳር ተጋድሞ፣ «ጌታዬ፣ ዓይንዎን...» ሲል፣

«ዝም!»

ቀበሮ ተመልሳ መጣች። «ዋንዛውማ ለጀማሪ ነው። ይህ ቀርከሃ ነው፤ ይተጣጠፋል። የጌታውን ስህተት ይቅር ይላል።»

አያ ከርከሮ ሁለተኛ ስልቻ ሰጠ። አነሳ፣ ሰነዘረ፣ ኮረብታውን አየ፣ የገዛ እግሩን መታ።

«ነፋሱ ነው» አለ ቀርከሃው።

«የምን ነፋስ? ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም!» አለች ሩሯ።

«ጌታዬ፣ ዓይን...»

«ዝም!»

ቀበሮ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። «ይህ ግራር ነው። ቅቤ ጠጥቷል። ሩሯን አሽትቶ ያገኛታል። ግን ከገና በፊት እንዳይሞክሩት፤ ኃይሉ ይፈስሳል።»

የመጨረሻው ስልቻ ሄደ። ሚስቱ ወደ ጎተራው ገብታ ባዶውን ስታየው ጊዜ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በጋውን ምን ልንበላ ነው? ዱላ?» አለችው።

«ይልቅ ወይራውን አንድጂው! ያበላሸኝ እሱ ነው።»

ሚስቱም ወይራውን ለገና ድግስ ከሚነደው ማገዶ ጋር በጠፍር አሰረችው። ወይራ ምን ይበል? ቢናገር ዝም በል፤ ዝም ቢል እሳት።

ገና ደረሰ። የታች ወንዝና የላይ ወንዝ እንስሳት ሜዳ ወጡ፤ የላይኞቹ አለቃ ዝንጀሮ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሩሯን ከሜዳው ጫፍ ካለው ዋርካ ያሳለፈ ያሸንፋል። የአያ ከርከሮም ሚስት ማገዶዋን ተሸክማ ከሜዳው ዳር ቆመች። ቀኑን ሙሉ ተጋፉ፤ ማንም አላሳለፈም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሩሯ ተንከባልላ ከአያ ከርከሮ እግር ሥር ቆመች።

አነሳ፣ ሰነዘረ፣ ኮረብታውን አየ፣ ድንጋይ መታ። ግራሩ ለሁለት ተሰበረ።

«አያያዝህ ነው» አለ ግራሩ መሬት ላይ ሆኖ።

«አራተኛ አለኝ!» አለች ቀበሮ ከኮረብታው።

ያን ጊዜ ወይራ አንድ ነገር ትዝ አለው። ቀኑ ገና ነው! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ዛሬ ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ፣ ጌታው ዝም በል ማለት አይችልም።

«አንተ ከርከሮ!» ብሎ ከማገዶው መሐል ጮኸ። እርስዎ ቀረ። «አንተ ዓይነ ቀላዋጭ! ሩሯ እግርህ ሥር ሆና ኮረብታ ታያለህ! የምትመታው ኮረብታውን ነው? ጎተራችንን አራገፍክ፤ ሦስት ዓመት ጭቃ አጠጣኸን! ጥፋቱ የዱላ አይደለም፤ ዓይንህ ነው፣ ዓይንህ፣ ዓይንህ!»

ኮረብታው በሳቅ ተናወጠ። የአያ ከርከሮ ጋማ ቆመ። አፉን ከፈተ። ቀኑ ግን ገና ነው፤ መልሶ ዘጋው።

ሚስቱ ጠፍሩን ፈታ ወይራውን ወረወረችለት። «ሰማህ አይደል? በል እያት!»

ዝንጀሮ እየሮጠ ደረሰ። «እባክህ» አለች ሩሯ፣ «አንድ ጊዜ እንኳ እየኝ።»

አያ ከርከሮ አያት። «ለካ ስፌትሽ ቀይ ነው!» አለ። ዱላው ወረደ።

ጧ!

ኮረብታው ሁሉ እልል ብሎ ተነሳ። አያ ከርከሮ ሩሯ የነበረችበትን ባዶ መሬት እያየ ቀረ።

«የት ሄደች?»

«ከዋርካው አለፈች!»

«እኔ እኮ አላየሁም!»

«ተመስገን!» አለ ወይራ።

ወዳጆቹ እየዘፈኑ ከበቡት። አያ ከርከሮ ወይራውን ወደ ላይ አነሳና፣ «ዱላው ነው! ድሮም ብያለሁ! መድኃኒቱ ወይራ ነው!» አለ።

ወይራ «ዓይንህ» ሊል አፉን ከፈተ። ፀሐይዋ ግን ጠልቃለች፤ ገና አልፏል። እሱም መልሶ ዘጋው።

በማግስቱ እመት ቀበሮ በላይ ወንዝ መንደር፣ «ወይራ! ወይራ! የአያ ከርከሮ ዱላ የአጎት ልጅ! ጠማማ ምት የሚያቃና!» እያለች ዞረች። ስልቻውን ተሸክሞ ከሁሉ ቀድሞ የቆመው ማን ነበር? ዝንጀሮ።

ዓይኑ ኮረብታ ላይ ለቀረ፣ ዱላ ቢለዋውጡለት መሬት ይቆፍራል።

የእኔም ተረት ከዋርካው አለፈች። ከርከሮን ግን እንዳትጠይቁት፤ እሱ አላየም።