«አንተ» የተባሉት ጀልባ ሠሪ

በአንድ ወቅት፣ በጃቫ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ፓክ ዊርዮ የሚባሉ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። «ፓክ» በአገሩ አባባ እንደማለት ነው። በጃቫ ቋንቋ ለልጅ «ብላ» የሚባልበት ቃልና ለሽማግሌ «ይብሉ» የሚባልበት ቃል ጭራሽ አይተዋወቁም። ፓክ ዊርዮም በከፍተኛው ቃል ሲከበሩ ነው ያረጁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲሱን ጀልባቸውን ሊሞክሩ ብቻቸውን ወጥተው ሳለ ማዕበል ተነሣና ወደ ዐለቱ ይገፋቸው ጀመር። ሰዉ ከዳር ሆኖ፣ «አባታችን፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ባይከፋዎት…» እያለ ይማጸናል። እሳቸው ግን የደከሙበትን ጀልባ ጥለው መዝለል አልሆነላቸውም፤ ምሰሶውን አቅፈው ቀሩ።

ከሠራተኞቻቸው አንዱ ቶርስታይን የኖርዌይ ሰው ነበር። በአገሩ አነጋገር በየሸለቆው ይለያያል እንጂ በየማዕረጉ እምብዛም አይለያይም፤ ዳኛውም ዓሣ አጥማጁም «አንተ» ነው። ቶርስታይን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንተ፣ ዝለል።» አላቸው። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ፓክ ዊርዮ ከድንጋጤያቸው የተነሣ ዘለሉ። ጀልባው ዐለቱ ላይ ተሰባበረ።

ዋና ግን አያውቁም። ሌላዋ ሠራተኛቸው ፓይነም ዋኝታ ደረሰችላቸው። አያቶቿ ለእርሻ ሥራ ባሕር ተሻግረው ሱሪናም የገቡ ጃቫዎች ናቸው፤ እሷም እዚያ ተወልዳ፣ የድሮውን የገጠር ጃቫኛ ይዛ ተመለሰች። ሽማግሌው እየተንፈራገጡ ሊያሰምጧት ሲሉ፣ «ተው ልጄ፣ ደረቴ ላይ ተደገፍ።» አለቻቸው በጆሯቸው። የእናታቸው አነጋገር ነበር። ረጋ አሉላት፤ ጎትታ አወጣቻቸው።

ፓክ ዊርዮ ልብሳቸው ሳይደርቅ ክብራቸው ትዝ አላቸው። «በአደባባይ አንተ ተባልኩ» ብለው የጀልባ መሥሪያውን ዘጉ፤ መንደሩ ሁሉ ሥራ ፈታ።

የእንጨት ጠራቢው ሱትሪስኖ በራቸው ላይ መሬት ተቀመጠ። ሲናገር ማር ነው፤ በከፍተኛው ጃቫኛ፣ «ጌታዬ፣ ቶርስታይን እናቱንም በዚያው ቃል ነው የሚጠራት። ማዕበሉ ማዕረግዎን አላወቀም፤ እኛ ግን እናውቃለን። ወጥተው ይምሩን።» አላቸው። ፓክ ዊርዮ ውስጥ ሆነው ሰሙት፤ ሳያስቡት ሳቃቸው መጣ። በሩን ከፈቱ።

ከዚያ ሦስቱን ጠርተው፣ «ወራሽ የለኝም፤ መሥሪያውን ከእናንተ ለአንዳችሁ ላወርስ ነው» አሉ።

«እኔ ባልጮህ ጀልባው ውስጥ ትቀር ነበር» አላቸው ቶርስታይን፣ አሁንም «አንተ» እያለ።

«ዘለው ቢሰምጡ ምን ዋጋ ነበረው?» አለች ፓይነም።

ሱትሪስኖ አንገቱን ደፋ። «ነፍስዎን እነሱ አዳኑ። እኔ የመለስኩት ፓክ ዊርዮን ነው።»

ሽማግሌው አንዱን ሲያዩ ሌላው ልክ እየመሰላቸው ተቸገሩ፤ መንደሩም ተከፋፍሎ ሲሟገት ዋለ። የሰማችሁ ሁሉ ፍርዱን ስጡ፦ መሥሪያው ለማን ይገባል?