ከጥፋተኛው ጎን የቆመው ብራና ፋቂ

ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ዛሬ ባሕር ዛፍ የወረረው ይህ ጋራ ሁሉ ገና ጥድና ወይራ ለብሶ ሳለ፣ ጥድ አፋፍ በምትባል መንደር ስንሻው የሚባል አንድ ብራና ፋቂ ይኖር ነበር። እኔ ከአያቴ ሰማሁ፤ አያቴም ከአባቷ ሰማች። እናንተም ስሙ።

ስንሻው ድሃ ነበር። ቤቱ ከመንደሩ ተነጥሎ ወንዝ ዳር ነበር፤ የሚዘፈዝፈው የፍየል ቆዳ ስለሚሸት ሰው አይጠጋውም። ቆዳውን ይወጥራል፣ ይፍቃል፣ በፀሐይ ያደርቃል፤ ለቤተ ክርስቲያን መጻፊያ ብራና ያደርገዋል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ለሰንበቴ ደጀ ሰላም ሲሰበሰብ፣ ስንሻው በሩ አጠገብ፣ ከሰው ሁሉ በታች ይቀመጣል።

ጥድ አፋፍ ጥብቅ መንደር ነበረች። ጾም አይገደፍም፣ በዓል አይሻርም። ጥፋት የተገኘበት ሰው እሁድ በሰንበቴው መካከል ብቻውን ይቆማል። የሰንበቴው ሹም አያ ወንዳፍራሽ ጥፋቱን ጮክ ብሎ ይናገራል። ሕዝቡ ይሰማል፤ ሕዝቡ ያጉረመርማል። የቆመው ሰው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። አንዳንዱ እንደ ወጣ ይቀራል። በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ቤት ተዘግቶ ነበር። ሰዉ ግን መንደሩ እየጠራ የሄደ መሰለው።

አንድ ዓመት በሁዳዴ፣ ይመናሹ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በየማለዳው የወተት ጮጮ ይዛ ወደ ቤቷ ስትገባ ታየች። «ጾም ገደፈች» ተባለ። እሁድ ልትቆም ሆነ። ስንሻው ይህን ሰምቶ ቅዳሜ ጠዋት ደጇ ሄደ።

«ይመናሹ፣ ስለ ወተቱ ሰው ያወራል። እኔ ካንቺው ልስማ ብዬ መጣሁ» አላት።

ይመናሹ ወደ ውስጥ አስገባችው። መደቡ ላይ የሦስት ወር ሕፃን ተኝታለች። ወንዝ ማዶ የምትኖር እኅቷ በወሊድ ስለ ሞተች፣ ይመናሹ ልጅቷን አምጥታ በወተት ታሳድጋለች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ይመናሹ።

ስንሻው ሄዶ ለወንዳፍራሽ ነገረው። ወንዳፍራሽ እሁድ ስሟን ሳያነሣ አለፈ። ይቅርታ ግን አልጠየቃትም፤ ነገሩ እንዲያው ቀረ።

ሌላ ዓመት መጣ። ስንሻው የቆዳ መወጠሪያ እንጨት ሊቆርጥ ወደ እርሻው አቅጣጫ ወጣ። ቢተው የሚባል ገበሬ ያርሳል። ማሳው ከይመናሹ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ቢተው የድንበሩን ድንጋይ ነቀለ፣ ሁለት ትልም ወደ ሴትዮዋ መሬት ገባ፣ ድንጋዩን እዚያ ተከለው። ይህ ወሬ አይደለም፤ ስንሻው በዓይኑ ያየው ነው።

በማግስቱ ስንሻው ወደ ቢተው ቤት ሄደ። ቢተው ውሻ ለቀቀበት። በሁለተኛው ቀን ሄደ። ቢተው በሩን ዘጋበት። በሦስተኛው ቀን ሄደ። ያን ጊዜ ቢተው ወጥቶ ጮኸበት።

«አንተ ቆዳ ፋቂ! በኔ ላይ ማን ዳኛ አደረገህ?»

«ዳኛስ አይደለሁም። ዳኛ ብሆን እሁድን እጠብቅ ነበር» አለ ስንሻው። «ያየሁትን ላንተው ልነግርህ ነው የመጣሁት። መሬቷን ወስደህባታል። ይህን ይዘህ እንዳትቀር ፈራሁልህ።»

ቢተው ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠ። ከዚያ ያልተጠየቀውን ተናገረ።

«አምናም አንድ ትልም ወስጃለሁ። ዝም ስባል ጊዜ ዘንድሮ ሁለት አደረግሁት።»

አብረው ወደ ማሳው ወረዱ። ድንጋዩን አብረው ነቀሉ፤ ካቻምና በነበረበት ቦታ አብረው ተከሉ። ቢተው ይመናሹ እግር ላይ ወድቆ ማረኝ አላት። ስንሻው ለማንም ትንፍሽ አላለም። ይህን ያወቅነው ቢተው ራሱ ሸምግሎ ስላወራው ነው።

የመጨረሻው ፈተና ግን በስንሻው በራሱ ላይ መጣ።

የቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል አርጅቶ ነበርና ስንሻው ለአዲሱ ብራና እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ሦስት ዓመት ፋቀ። ሰማንያ ቆዳ አለስልሶ፣ አንጥቶ አስረከበ። ብራናው ዕቃ ቤት ገባ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ወንዳፍራሽ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ጣራውን አስከድን ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ረሳው። ዝናቡ ገባ። ብራናው ሻገተ፣ ተኮማተረ። ወንዳፍራሽ ያን ባየ ጊዜ ፈራ፤ ፈርቶም ዋሸ።

እሁድ ስንሻውን በሰንበቴው መካከል አቆመው። «ለእግዚአብሔር ቤት የበሰበሰ ቆዳ ሰጠ!» አለ። ሕዝቡ ሰማ፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። ስንሻው «አልሰጠሁም» ከማለት ሌላ ቃል አላገኘም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሁለት ሳምንት ሥራ አልነካም። ወንዙ ዳር ተቀምጦ በሐሳቡ ከወንዳፍራሽ ጋር ይሟገታል፤ በሐሳቡ ሁልጊዜ ይረታዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ቄስ ሙጬ የተባሉት የደብሩ ካህን ቁልፉን አስመጥተው ዕቃ ቤቱን ከፍተው ገቡ። ጣራው ላይ ሰማይ ይታያል። ግድግዳው ላይ ዝናብ የወረደበት መስመር አለ። ነገሩ በአንድ ቀን መንደሩን ዞረ። «እሁድ ወንዳፍራሽ ይቆማል! እሁድ እናሳየዋለን!» ተባለ። ስሙ ተጠርቶ የቆመ ሁሉ፣ ዘመዱ የቆመበት ሁሉ እሁድን ናፈቀ።

ስንሻውም ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ውሸት አልነግራችሁም፤ ደስ አለው። ብቻውን ሳቀ። ከዚያ የገዛ ሳቁን ሰምቶ ደነገጠ። ነጠላውን ደረበና ቅዳሜ በቀትር ፀሐይ ወደ ወንዳፍራሽ ቤት ወጣ።

ወንዳፍራሽ ምግብ ካፉ ከገባ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። «ደስ ይበልህ፣ ነገ ቀንህ ነው» አለው።

«ደስ ብሎኝ ነበር። የመጣሁትም ስለዚያ ነው» አለ ስንሻው። «አያ ወንዳፍራሽ፣ ዋሽተሃል። ድካሜን በቸልታህ አበላሸህ፤ ስሜንም አጠፋህ። ይህን ሳልነግርህ አልመለስም። ነገ ማንም ሳይጠራህ ተነሥተህ ራስህ ተናገር።»

«ብቻዬን መቆም አልችልም።»

«እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

እሁድ ሆነ። ወንዳፍራሽ ሳይጠሩት ተነሣ። «ጣራውን እኔ ነኝ የረሳሁት። ውሸቱንም እኔ ነኝ የተናገርሁት» አለ። ስንሻው ከበሩ አጠገብ ተነሥቶ በሰዉ መካከል እየሾለከ ሄደ። ከወንዳፍራሽ ጎን ቆመ። ሊጮህ የመጣው ሰው ሁሉ አፉን ያዘ፤ ወንዳፍራሽን ለመስደብ የተበደለውን ሰው ፊት ለፊት ማየት ግድ ሆነበት።

ቄስ ሙጬ ቀኖና ሰጡ። ወንዳፍራሽ ሹመቱን ተወ፤ ብራናው እስኪተካ ወንዝ ዳር ወርዶ ከስንሻው ጋር ቆዳ ፋቀ። እጁ ቆሰለ፤ ልብሱ ሸተተ። በመጀመሪያው ወር አልተነጋገሩም ይባላል። በኋላ ግን ምሳቸውን ባንድ ገበታ ይበሉ ጀመር። ወንጌሉ ተጻፈ። ስንሻው ከጊዜ በኋላ ሲሞት ወንዳፍራሽ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

ጥድ አፋፍ ከዚያ ወዲህ ማንንም ብቻውን አቁማ አታውቅም። በወንድሙ ላይ ነገር ያለው ሰው መጀመሪያ ቤቱ ሄዶ ይነግረዋል። ነገሩ ከዚያ አልፎ አደባባይ ከወጣም፣ ነገሩን ያነሣው ሰው ራሱ ተነሥቶ ከጥፋተኛው ጎን ይቆማል፤ ይቅርታው እስኪያልቅም አይቀመጥም። የዚያ አገር ሰዎች ጋብቻ ሲፈጽሙ፣ ወዳጅነትም ሲጀምሩ አንዱ ለሌላው «ስንሻው ሁነኝ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሳጠፋ ወደ እኔው ና፣ ጥፋቴን ልናገር ስነሣም አብረኸኝ ቁም ማለቱ ነው።